ፖርሸዬ ሞንዛ ላይ ከኋላ እየሸሸች አስቸገረችኝ፤ የቱን ቁጥር ልንካ?

ሰባተኛ ፎቅ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ የእናንተን ጽሑፍ ከማንበብ በቀር ምንም ብዬ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሎጂቴክ ጂ29 የጨዋታ መሪዬን የማጥኛ ጠረጴዛዬ ላይ አስሬ፣ ፔዳሉን በጣውላ ከግድግዳ ጋር አስደግፌ አሴቶ ኮርሳ ኮምፐቲዚዮኔ የሚባለውን የመኪና ውድድር ጨዋታ እነዳለሁ። መኪናዬ ፖርሸ 911 ጂቲ3 አር ናት፤ አዲሷ፣ የ992 ትውልዷ። ሁለት ወር ሙሉ የጣልያኑን የውድድር ሜዳ ሞንዛን ብቻ ነው የነዳሁት። ከሁሉ የተሻለው ዙሬ 1 ደቂቃ ከ50.4 ሰከንድ ነው።

ችግሬን ልንገራችሁ። ከዐሥር ዙር ሦስቱን የምጨርሰው ፊቴን ወደ መጣሁበት አዙሬ ነው። ሁለተኛዋ ሌዝሞ በምትባለው መታጠፊያ ላይ፣ አስካሪ መግቢያ ላይ፣ አንዳንዴም ሮጂያ ላይ፣ እግሬን ከፍሬን አንስቼ መሪውን ስጠመዝዝ ኋላዋ ጥሎኝ ይሄዳል። ቀጥታው መንገድ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ያልፈኛል። ስለዚህ የኋላውን ክንፍ ዝቅ አደረግሁ። ኋላዋ ሲብስባት የኋላውን የማረጋጊያ ዘንግ (በመታጠፊያ እንዳታጋድል የሚይዛትን) አላላሁ። አፍንጫዋ አልዞር ስትል የፍሬኑን ሚዛን (የፊትና የኋላ ፍሬን ድርሻ) ወደ ኋላ ገፋሁ። በመጨረሻ ዙሩን በ1፡47 የሚጨርስ ሰው ያዘጋጀውን ቅንብር (የመኪናዋን የማስተካከያ ቁጥሮች) ከኢንተርኔት አውርጄ ጫንሁ፤ እሱ ጭራሽ ከመጀመሪያዋ መታጠፊያ አላሳለፈኝም። አሁን ምን ምን እንደነካሁ እንኳን አላስታውስም።

የቱን ቁጥር ልንካ?


የቸርችል ቁልቁለት፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡55

ምንም አትንካ።

«ከኋላ ትሸሻለች» ማለት ሐኪም ፊት ቀርቦ «አመመኝ» እንደ ማለት ነው። የት ጋ? መቼ? ምን ስታደርግ? መታጠፊያ መግቢያ፣ መሐልና መውጫ አለው፤ ሦስቱም የየራሳቸው በሽታ አላቸው። መግቢያ ላይ የምትሸሽ መኪና የፍሬን፣ የማርሽ አቀያየርና የዲፈረንሻል ነገር አለባት። መውጫ ላይ የምትሸሽ ከሆነ ቀኝ እግርህ ቸኩሏል። ፈጣን መታጠፊያ ላይ ብቻ የሚብስባት ከሆነ ደግሞ ክንፉንና ከመሬት ያላትን ከፍታ እንጠረጥራለን፤ በቀርፋፋው የሚብስ ከሆነ ሞላውንና የማረጋጊያ ዘንጉን። አንተ ሌዝሞን፣ አስካሪንና ሮጂያን በአንድ ቅርጫት ከተትሃቸው።

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሚኒባስ ወርደህ ታውቃለህ? ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የኋላ ወንበር ላይ ያለው ሕዝብ ሁሉ ወደ ፊት ይደፋል፤ ረዳቱ የበሩን ፍሬም አንቆ ይይዛል። መኪናውም እንደ ሕዝቡ ነው። ክብደቱ ከኋላ ጎማዎች ተነሥቶ ፊተኞቹ ላይ ይሰፍራል። በዚያች ቅጽበት መሪ ቢጠመዘዝ፣ ኋላው ቀሏልና መሬቱን አይጨብጥም። ሞላው፣ ሾክ አብዞርበሩ፣ የማረጋጊያ ዘንጉ፣ ሁሉም ያ ክብደት በጎማዎቹ መካከል እንዴት እንደሚከፋፈልና በምን ፍጥነት እንደሚሰፍር ነው የሚወስኑት። ክብደቱን የሚያስነሣው ግን የአንተ እግር ነው።

ያወረድከውን ቅንብር ጣለው። 1፡47 የሚነዳው ሰው ኋላዋን ሆን ብሎ አላልቶ በእግሩ ጫፍ ነው የሚይዛት። የእሱን ጫማ ተጫምተህ የእሱን ሩጫ አትሮጥም። ጨዋታው ራሱ ለእያንዳንዱ መኪና «ደኅንነቱ የተጠበቀ» የሚል ቅንብር አብሮ ይሰጣል፤ እሱን ጫን፣ 20 ሊትር ነዳጅ አድርግ፣ ዐሥር ዙር ንዳ። የሸሸችብህን ቦታ ሁሉ በወረቀት ጻፍ። ወረቀቱን ይዘህ ተመለስ።


አምስት ኪሎ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ከቸርችል ጋር ብዙ ጊዜ አንስማማም፤ ዛሬ ግን ግማሹን ልክ ነው። የዘለለው ነገር የጎማ ነፋስ ነው።

ወንድሜ፣ ከምንም በፊት ነፋስህን እይ። ከ2023ቱ የጨዋታው 1.9 እትም ወዲህ የደረቅ መንገድ ጎማ ሲሞቅ ከ26 እስከ 27 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ውስጥ መቀመጥ አለበት። በየድረ ገጹ 27.5 አካባቢ የሚሉ ጽሑፎችን ታገኛለህ፤ የቀድሞው እትም እንደዚያ ስለነበረ ነው፣ አትመናቸው። የምታነበውም ፒት (የመኪናው ማቆሚያና መጠገኛ) ውስጥ ቆመህ አይደለም፤ አራት አምስት ዙር ከነዳህ በኋላ፣ ቀጥታው መንገድ ላይ ነው። ከ27 በላይ ያበጠ ጎማ መሬቱን የሚነካው በሆዱ መሐል ብቻ ነው፤ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ይብስ ያብጣል።

የወረዱ ቅንብሮች አንዱ ወጥመድ ይህ ነው። አዘጋጁ በ20 ዲግሪ አየር ለክቶ ይሆናል፤ አንተ በ28 ትነዳለህ። አየሩ በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ነፋሱ በግምት 0.1 ፒኤስአይ ይጨምራል። ስምንት ዲግሪ ማለት ወደ 0.8 ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ከተፈቀደልህ ክልል ሊያስወጣህ ይበቃል።


ዝናብ ወዳድ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡41

በዝናብስ ስንት ይሁን?


አምስት ኪሎ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡44

ወደ 30 አካባቢ። ግን ለዝናቡ የራስህን ርእስ ክፈት፤ እዚህ አንድ በሽተኛ ይዘናል።


የጎማ ሰው፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ልጆች፣ እኔ ይህን ጨዋታ አላውቀውም። የእህቴ ልጅ ነው ያሳየኝ። ጎሚስታ ነኝ፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጎማ ስፈታና ስገጥም ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ስለ ነፋስ ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልሁም።

አምስት ኪሎ የምትባለው ልጅ ያለችው እውነት ነው። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ጅቡቲ ወደብ ላይ 32 የተሞላ ጎማ እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቶ ሲደርስ ማንም ሳይነካው መለኪያው ከ3 በላይ ጨምሮ ያሳይ ነበር፤ በውጭ የሚጫነው አየር ስለሳሳ። ግን ጅቡቲ ይሞቃል፣ አዲስ አበባ ይበርዳል፤ ብርዱ የጨመረውን አብዛኛውን መልሶ ይበላዋል። ባለመኪናው 33 አካባቢ ያነብና «እንዳለ ነው የመጣው» ብሎ ይሄዳል። እንዳለ አይደለም፤ ሁለት ነገር ተጣልቶ ተቻችሎ ነው እንጂ። መለኪያ ልክ ስላሳየ ብቻ ነገሩ ልክ ነው አትበሉ ለማለት ነው።

ደግሞ ጨዋታውን የሠሩት ጣልያኖች ናቸው ሲለኝ ሳቅሁ። ጎማ፣ ሞላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታ፣ ሁሉም ከእነሱ የቀረ ቃል ነው። እናንተ ከእኛ ጋራዥ ወጥታችሁ አታውቁም ማለት ነው።


ሰባተኛ ፎቅ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ያላችሁትን አደረግሁ። አምስት ኪሎ፣ እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፤ የኋላ ጎማዎቼ 28.3 ላይ ነበሩ! ፊተኞቹም 27.6። ሁሉንም ወደ 26.7 አወረድሁ። ዙሬ ወዲያው 1፡49.6 ሆነ።

ቸርችል፣ ወረቀቱም ይኸው። ከዐሥር ዙር ሁለት ጊዜ ዞርሁ፤ አንዴ ሁለተኛዋ ሌዝሞ፣ አንዴ አስካሪ። ሁለቱም መግቢያ ላይ፣ እግሬ ከፍሬን ከተነሣ በኋላ፣ ነዳጅ ሳልሰጥ። ሮጂያ ላይ ተንገዳገደች እንጂ አልዞረችም። ዐሥራ አንደኛውን ፓራቦሊካ፣ መጨረሻዋ መታጠፊያ ውስጥ ሳለሁ መብራት ሄደ፤ እሱን ከቅንብሩ ጥፋት አልቆጥረውም።

ጋሼ፣ እንኳን ወደ እኛ መጡ።


ባለ ሰፊ አፍንጫ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

መርሴዲስ ንዳ፣ ተገላገል። 6.2 ሊትር ቪ8 ሞተር ከፊት፣ ረጅም አፍንጫ፣ ብትሳሳትም ይቅር ትልሃለች። ፖርሸ ለራስዋ የሚቸገር ሰው ነው የምትፈልገው።


የቸርችል ቁልቁለት፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

መርሴዲሷ ይቅር ባይ መሆኗ እውነት ነው። ግን ሰውየው ጥርሱን ሲያመው አፉን ቀይር አይባልም። በጂቲ3 ውድድር መኪኖቹን በክብደትና በሞተር አቅም እያመጣጠኑ ነው የሚያሰልፏቸው፤ ፖርሸ ይዞ የቀረ፣ በፖርሸዋ ምክንያት አልቀረም።

ወደ ሰባተኛ ፎቅ ልመለስ። መግቢያ ላይ፣ ፍሬን ተለቅቆ፣ ነዳጅ ሳይሰጥ፤ አሁን አነጋገርህ የባለሙያ ሆነ። የ911 ጠባይ ይህ ነው። ሞተሯ ከኋላ አክስል ወደ ኋላ ተንጠልጥሏል። ጀርባው ላይ ኩንታል ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው አስብ፤ ቀጥ ብሎ ሲሮጥ ኩንታሉ መሬት ያስጨብጠዋል፣ ድንገት ሲዞር ግን ኩንታሉ የራሱን መንገድ ይሄዳል፣ ሰውየውንም ይዞት። ለዚህ ነው ነዳጅ ስትሰጣት የማትንሸራተተው፣ ነዳጅ ስትነሳት የምትከዳህ።

አራት ነገር አድርግ፣ ቅንብር ሳትነካ። ፍሬኑን በአንዴ አትልቀቀው፤ መሪው እየዞረ በሄደ ቁጥር እግርህ እየላላ ይሂድ፣ ሁለቱ በአንድ ገመድ የታሰሩ ይምሰሉህ። ማርሽ ለመቀነስ አትቸኩል፤ ሞተሩ ገና እየጮኸ ወደ ታች ከቀየርህ የኋላ ጎማዎቹን ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይይዛቸዋል። ፍሬኑ ካለቀ በኋላ ባዶ እግር አትንሳፈፍ፤ ነዳጁን በአምስት በዐሥር በመቶ ነካ አድርገህ ያዝ፣ ኋላዋ ትቀመጣለች። መሪውን ደግሞ አትወርውረው።

ይህን ሁሉ አድርገህ ካልተስተካከለ ዲፈረንሻሉ ላይ ፕሪሎዱን ጨምር። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አጥብቆ ስለሚያስተሳስራቸው ነዳጅ ስትለቅ ትረጋጋለች። ዋጋው፣ በመጀመሪያዋ ጠባብ መታጠፊያ አፍንጫዋ ትንሽ እንቢ ይላል።


አምስት ኪሎ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡25

እዚህ ላይ እንለያያለን። ሁለተኛዋ ሌዝሞና አስካሪ የሞንዛ ቀርፋፋ ቦታዎች አይደሉም። ክንፉን ወደ ታች የሚጫነው አየር ገና ሥራ ላይ ነው። ሮጂያ ላይ ፍጥነቱ ሲወርድ መንገዳገድ ብቻ ከሆነ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ መዞር ከሆነ፣ ይህ የክንፍ ምልክት ነው። ሰውየው ገና በመጀመሪያው ጽሑፉ «ክንፉን ዝቅ አደረግሁ» ብሎ ተናዝዟል! ደኅንነቱ የተጠበቀውን ቅንብር ከጫነ በኋላም መልሶ ዝቅ አድርጎት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የኋላ ከፍታዋንም እይ። ኋላዋን ከፍ ስታደርግ አፍንጫዋ ይደፋል፤ ወደ ታች የሚጫናት አየር ሚዛኑን ወደ ፊት ይወስዳል። በቀርፋፋ መታጠፊያ አይታወቅህም፣ በፈጣኑ ግን ኋላዋን ከሥር ያነሣታል። ፕሪሎድ ይህን አይፈውስም፤ ይሸፍነዋል እንጂ።


የቸርችል ቁልቁለት፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡31

ሞንዛ 5.793 ኪሎ ሜትር ነው፣ አብዛኛው ቀጥታ። ክንፍ ከፍ አድርጎ የሚነዳ ሰው በየቀጥታው ለሌላው መንገድ እየለቀቀ ነው የሚውለው።


ሰባተኛ ፎቅ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡40

አዎ፣ መልሼ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ምን ላድርግ፣ በቀጥታው ያልፉኛል። ይህንኑ ፖርሸ የያዘ ሰው እንኳን፣ እኩል ወጥተን ከፊቴ ይርቃል።


የጎማ ሰው፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡50

ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሞኝነት ከሆነ ይቅር በለኝ። የእህቴ ልጅ ትናንት ማታ የጻፋችሁትን ሁሉ አነበበልኝ።

ነዳጅ የሚበላ፣ ቀጥታ መንገድ ላይ የማይሮጥ፣ ጎማው ያለ ምክንያት የሚግል መኪና ጋራዥ ሲመጣ እኔ ክንፍ አላውቅም፣ ፕሪሎድ አላውቅም። መኪናውን በክሪክ አነሣና ጎማውን በእጄ አዞረዋለሁ። በነጻ ከዞረ ደኅና። ካልዞረ የፍሬን ሸራው ይዟል፤ ባለቤቱ እግሩን ቢያነሣም ፍሬኑ አልተነሣም። ሰው ለሦስት ወር ሞተር ሲያስጠግን ከርሞ ጥፋቱ የያዘ ፍሬን ሆኖ ያገኘሁት ብዙ ነው።

አንተም «እግሬን ከፍሬን ካነሣሁ በኋላ» ትላለህ። ቀጥታው ላይ ትቀራለህ። የኋላ ጎማህ ግሎ 28 ገብቷል። በእናንተ ጨዋታ ጎማውን በእጅ ማዞር ይቻላል ወይ?


አምስት ኪሎ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ጋሼ… ይቻላል። በእጅ ሳይሆን በዓይን።

ሰባተኛ ፎቅ፣ የፔዳሎቹን መጠን የሚያሳዩትን መስመሮች አብራቸው። ቀጥታው ላይ ነዳጅ እስከ ጥግ ረግጠህ የፍሬኑን መስመር ተመልከት። ባዶ መሆን አለበት። የጂ29 ፔዳል የእግርህን መጠን የሚለካው በተለዋዋጭ ተቃዋሚ ነው፤ ውስጡ አንዲት ቀጭን ምላስ የካርቦን መስመር ላይ ትሄዳለች። አቧራ ከገባባት ወደ ዜሮ ሳትመለስ ትቀራለች፤ ወይም ትንቀጠቀጣለች። በክፍላችሁ ዙሪያ ግንባታ አለ?


ሰባተኛ ፎቅ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ግንባታ አለ ወይ? እህቴ፣ መስኮቴን ከከፈትሁ ሻይዬ ላይ ስሚንቶ ይሰፍራል።

ተመለከትሁ። እግሬን አንስቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ወንበሩ ላይ እግሬን አጣጥፌ ተቀምጬ የፍሬኑ መስመር በ6ና በ9 በመቶ መካከል ይዋዥቃል። ሁለት ወር ሙሉ ፍሬን ይዤ ነዳሁ! ነዳጅ ስሰጥ ፍሬን ነበረ። መታጠፊያ ስገባ ለቀቅሁ ስል አልለቀቅሁም፤ ክብደቱ ፊት እንደተጫነ መሪ እጠመዝዛለሁ። ከዚያ ቀጥታው ላይ ሲያልፉኝ ክንፉን ቀነስሁ፤ ክንፉን ስቀንስ ኋላዋ ባሰባት፤ ለእሱ የማረጋጊያ ዘንጉን አላላሁ…

ጋሼ፣ ሰሌዳ ላይ ስምዎን ልጽፍልዎ ነው።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ሶማሌ ተራ ሄጄ የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ ገዛሁ። ፔዳሉን ፈታሁ፤ ስፕሪንጉ ወጥቶ አልጋ ሥር ገባ፣ ግማሽ ሰዓት ፈለግሁት። ውስጡ እውነትም ግራጫ አቧራ ነበር። ነፋሁት፣ ረጨሁት፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ረግጬ እስኪደርቅ ተውሁት። አሁን እግሬን ሳነሣ ዜሮ ነው።


ሰባተኛ ፎቅ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡55

1፡48.9። ዐሥር ዙር፣ አንድም ጊዜ ሳልዞር።

ግን አዲስ ጉድ መጣ። መኪናዋ አሁን አትዞርም! መጀመሪያዋ መታጠፊያ ላይ መሪውን አዞራለሁ፣ እሷ ቀጥ ብላ ወደ ሣሩ ትሄዳለች።


የቸርችል ቁልቁለት፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡10

ይህ ጉድ አይደለም፣ ጤና ነው። እስካሁን አፍንጫዋን የሚያዞርልህ የያዘው ፍሬን ነበር። አሁን ራስህ ማዞር አለብህ። ፍሬኑን እስከ መታጠፊያው ልብ ድረስ እያላላህ ይዘህ ግባ፤ ያ 8 በመቶ ያለፈቃድህ ያደርገው የነበረውን አንተ በፈቃድህ አድርገው።

ስለ ጋሼ ግን ባርኔጣዬን አንሥቻለሁ። ሦስት ቀን ስንፈላሰፍ ጎማውን በእጁ ያዞረ አልነበረም።


አምስት ኪሎ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡20

ነፋሱንም እንደገና ለካው። ፍሬኑ አሁን ስለማይግል ጎማህም ቀዝቅዟል፤ 26.7 ያደረግኸው በያዘ ፍሬን ሙቀት ነበር። ከ26 በታች ወርዶ ይሆናል፤ ያኔ ፊተኞቹ ላይ 0.5 ያህል ጨምር። አልዞር ያለችህ ከፊሉ በዚህ ሊሆን ይችላል።

ክንፉ ላይ ግን አቋሜን አልቀየርሁም። ሁለት ደረጃ ከፍ አድርገህ ዐሥር ዙር፣ እንዳለ ትተህ ዐሥር ዙር ንዳ። ያው ነዳጅ፣ ያው የአየር ሙቀት፣ ሌላ ምንም ሳትነካ። ከሁሉ የተሻለውን ዙር ብቻ ሳይሆን የዐሥሩን አማካይ ጻፍ።


የጎማ ሰው፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡00

የኋላ ጎማዎቹንም አቀማመጥ እዩለት። አፍንጫቸው ትንሽ ወደ ውስጥ ከሆነ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አይቅበዘበዝም። ብዙ ከሆነ ግን ጎማ ይበላል፤ የሚኒባስ ባለቤቶች ጎማ በሦስት ወር የሚጨርሱት በዚህ ነው። በእናንተ ጨዋታ ጎማ የሚገዛበት ገንዘብ የለም መሰለኝ።


አምስት ኪሎ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡12

ገንዘብ የለም ጋሼ፣ ግን እዚህም ይግላል፣ ያልቃልም። አንድ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የምንሰጠው።


ሰባተኛ ፎቅ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡40

ነፋሱ እንዳልሽው ነበር፤ ፊተኞቹ 25.8። ወደ 26.4 ሲመለሱ አፍንጫዋ ሰማኝ። የክንፉም ውጤት ይኸው።

ክንፍ ዝቅ፦ የተሻለው 1፡48.4፣ አማካዩ 1፡49.5፣ አንዴ ዞርሁ።
ክንፍ ሁለት ደረጃ ከፍ፦ የተሻለው 1፡48.6፣ አማካዩ 1፡49.0፣ አልዞርሁም።


አምስት ኪሎ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡44

አመሰግናለሁ።


የቸርችል ቁልቁለት፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡52

አማካዩን አየሁት፣ አልክድም። ግን ብቻህን ነው የነዳኸው። ውድድር ላይ ከፊትህ ያለውን መኪና በመታጠፊያ ብትይዘው በቀጥታው ካላለፍኸው አማካይህ የእሱ አማካይ ነው። አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ አድርግ እላለሁ።


አምስት ኪሎ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡55

የሚዞር መኪናም ማንንም አያልፍም።


ሰባተኛ ፎቅ፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡15

እኔ ሁለት ደረጃውን ይዣለሁ፤ እሑድ ልቤ ካበጠ አንዱን እቀንሳለሁ። ለነገሩ የእሑዱ ውድድር ሞንዛ አይደለም፤ ልጆቹ ኪያላሚን መርጠዋል። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሐንስበርግ አጠገብ፣ 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ሽቅብና ቁልቁል የበዛበት ነው። ክንፉን እዚያ እስከ ላይ ልስቀለው?


የቸርችል ቁልቁለት፦ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡22

እዚያስ ስቀለው። ኪያላሚ ላይ ከአምስት ኪሎ ጋር አልጣላም። ቁልቁል ወርደህ ፍሬን የምትይዝባቸው ቦታዎች ላይ ግን ክብደቱ አስቀድሞ ፊት ነውና የፍሬኑን ሚዛን አንድ ነጥብ ወደ ፊት ጀምር። ሚኒባሷን አትርሳ።


የጎማ ሰው፦ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡55

ይህ ኪያላሚ የሚሉት ከፍታው ስንት ነው?


አምስት ኪሎ፦ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ነው፣ ጋሼ።


የጎማ ሰው፦ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡09

ከእኛ በታች ነው እንግዲህ። ልጄ፣ ካልከፋህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእህቴ ልጅ ጋር ብቅ ብዬ ልየው፤ ፔዳሉንም አንድ ጊዜ በእጄ ልንካው። ሰባተኛ ፎቅ ነው ያልከው? አሳንሰሩ ይሠራል?


ሰባተኛ ፎቅ፦ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡30

አይሠራም፣ ጋሼ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወንበር አስቀምጥልዎታለሁ።